የእንጀራ እናት፣ የእንጀራ ገመድ

በአማርኛ አንድ ሰው «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ሲባል፣ በሄደበት ሀገር የሚበላው ሩዝ ቢሆንም አነጋገሩን ስሕተት ነው የሚል የለም። ቃሉ ከምጣድ የሚወጣውን ምግብ መሰየሙን ሳይተው መተዳደሪያን ሁሉ ለመሸከም በቅቷል። ከሥራው የተሰናበተ ሰው የእንጀራ ገመዱ ተቆረጠ ይባላል፤ መንገደኛ ወጣት «እንጀራ ይውጣልህ» ተብሎ ይመረቃል።

ከሁሉ የሚገርመው የዝምድናው አጠራር ነው። የእንጀራ እናት፣ የእንጀራ አባት፣ የእንጀራ ልጅ የሚሉት ስሞች ዝምድናን የሚያስሩት በደም ሳይሆን በማብላት ነው። ስያሜው ለክብር የወጣ ነው ለማለት ግን ያስቸግራል፤ በተረት ዓለም የእንጀራ እናት የምትታወቀው በማጉረስ ሳይሆን በመንፈግ ነው። ያም ሆኖ ቋንቋው እናትነቱን አልነፈጋትም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም በዚህ ስፋት ተጠቅመዋል። በአባታችን ሆይ ጸሎት ግእዙ «ሲሳይ» ያለውን አማርኛው «እንጀራ» ብሎታል፤ በገሊላ አምስት ሺህ ሰው የጠገበበት የገብስ ዳቦም እንጀራ ሆኗል። ለቁርባን የሚቀርበው የስንዴ ጋግር ግን ዛሬም ኅብስት ነው፤ የሚዘጋጅበት ቤት የሚጠራበት «ቤተ ልሔም» ደግሞ «የእንጀራ ቤት» ተብሎ ይፈታል።

ቃሉ እንዲህ ሲሰፋ እህሉ ጠባብ ሆኖ ቆየ። በአሜሪካ ጤፍ ያላገኙ ስደተኞች በስንዴና በገብስ ዱቄት ጋገሩ፤ ቃሉ እንደሆነ ምንም አልከበደውም። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ጤፍ በአይዳሆ ይመረት ጀመር። ኢትዮጵያ በበኩሏ የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር በመስጋት እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን መጫኑን ቀጠለ።

ክርክሩ የበረታው አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ባገኘ ጊዜ ነው። ገበሬውና ጋጋሪዋ ለዘመናት የሚያውቁት እህል በሌላ ሀገር መዝገብ የፈጠራ ሥራ ተባለ። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ፓተንት አዲስ ፈጠራ የለበትም ሲል ዋጋ አሳጣው። ውሳኔው ግን የሚሠራው በኔዘርላንድ ወሰን ውስጥ ብቻ ነበር።