ቀንና ሌሊት

የጥንት የአየርላንድ ሰዎች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ብዙ አማልክት ነበሩዋቸው። ከእነዚህም አንዱ የፍቅርና የወጣትነት አምላክ ነው የሚባለው ኤንገስ ነበረ። አባቱ ዳግዳ፣ እናቱም ቦአን ይባላሉ፤ የቦይን ወንዝ የሚጠራውም በእርስዋ ስም ነው።

በ12ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው በሌንስተር መጽሐፍ እንደሚነበበው፣ ኤንገስ ርስት ሊለምን ወደ ዳግዳ በመጣ ጊዜ ክፍያው አልቆ ኖሮ ለእርሱ የሚሆን ድርሻ አልተገኘም። ስለዚህ በዳግዳ ቤት ቀንና ሌሊት እንዲቀመጥ ብቻ ለመነ። ዳግዳም ነገሩን አቅልሎ ፈቀደለት። ጊዜው አልፎ ውጣ ቢባል ግን፣ የተሰጠው ቀንና ሌሊት እንደ ሆነ፣ ዓለምም ሁሉ ከቀንና ከሌሊት በቀር ሌላ እንዳልሆነ ተናግሮ ቤቱን ወረሰ። በእነርሱ ቋንቋ፣ እንደ እኛው አማርኛ ሁሉ፣ «አንድ» የሚለው ካልተጨመረ «ቀንና ሌሊት» ማለት ዘወትር ማለትም ይሆናልና።

ያ ቤት ነው የተባለው የድንጋይ ሕንፃ ዛሬም በቦይን ወንዝ አጠገብ ይታያል፤ ስሙም ኒውግሬንጅ ነው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ስለሆነ ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል። ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት ወራት፣ በጥቂት ማለዳዎች ብቻ፣ የፀሐይ ጮራ ከደጁ በላይ ባለች ጠባብ መስኮት ገብቶ የውስጡን ክፍል 17 ደቂቃ ያህል ያበራዋል። ይህን ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ በ1967 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) በታኅሣሥ ወር በጨለማው ውስጥ ቆመው በዓይናቸው አዩ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዳግዳ ቤቱን ያጣው በጦር አይደለም፤ ሳይመዝን በተናገረው ቃል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እሺ ከማለትህ በፊት የተጠየቅኸው ምን እንደ ሆነ አስተውል። የልጁንም ብልጠት አታድንቅለት፤ አባትን አታሎ የተገኘ ርስት ቤት ይሆናል እንጂ ክብር አይሆንም።

ነገር ግን ኤንገስ የተናገረው እውነት ነው። ዕድሜህ ሁሉ ቀንና ሌሊት ነው፤ ሌላ የለህም። ስንፍናም ወደ አንተ መጥታ የምትለምንህ ይህንኑ ነው፤ «ዛሬን ብቻ» ትልሃለች። ብትፈቅድላት ግን ነገም ትለምንሃለች፣ በመጨረሻም ቤቱ የእርስዋ ይሆናል። ያችም ጮራ የምትቆየው 17 ደቂቃ ነው፤ በእነዚያ ጥቂት ማለዳዎች የተኛ ሰው ዓመት ይጠብቃል። የወጣትነት ማለዳ ግን በዓመቱ አይመለስም።