አሮጌ ኮምፒውተር አልነሳም ሲል፦ መዝገብን ሳያጠፉ ችግሩን መለየት

በቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በከተማ የጽሕፈት አገልግሎት መስጫዎች ለዓመታት ያገለገሉ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። የአባላት ዝርዝር፣ የማዳበሪያ ዕዳና የእህል ርክክብ መዝገብ የተከማቸበት ኮምፒውተር አልነሳም ሲል ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ሐሳብ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ይሁንና ፎርማት ማድረግ መዝገቡን ያጠፋል እንጂ የኃይል፣ የባትሪም ሆነ የአቧራ ችግርን አይፈታም። ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ይኖርበታል።

ጨርሶ የማይበራ ከሆነ

በቅድሚያ ሶኬቱና ዲቫይደሩ በሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ በስልክ ቻርጀር ይፈተሹ። በአንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አለ፤ በኢትዮጵያ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ሊቃጠል ይችላል። ቀጥሎም ገመዱን ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን ለ20 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝና እንደገና ሰክቶ መሞከር ይቻላል። ፓወር ሰፕላዩ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ በውስጡ ስለሚይዝ ሳይከፈት እንዳለ ይለወጣል።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ

የሞኒተሩ ገመድ መጥበቁ ይረጋገጥ። ኮምፒውተሩ በተደጋጋሚ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ካሰማ ከሚጠረጠሩት አንዱ ራም ነው። ገመዱን ነቅሎ፣ የሳጥኑን ብረት በእጅ ነክቶ ራሙን ማውጣት፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ማሸት፣ ብናኙን መጥረግና በትክክል እስኪገባ መልሶ መጫን ያስፈልጋል። ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ እየቀያየሩ መሞከር የተበላሸውን ይለያል።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ታይቶ ከቆመ

ተረስቶ የተተወ ፍላሽ ካለ ይነቀል። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለሱ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሰል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች፤ በአብዛኛው 2032 የሚል ቁጥር ያለባት ናት። አዲስ ከተገባ በኋላ ቀኑ ይስተካከላል፤ የማስነሻው ቅደም ተከተልም ሃርድ ዲስኩን እንዲያስቀድም ይደረጋል።

ሃርድ ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት ሲመጣ ገመዶቹ ላልተው ሊሆን ይችላል። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያውኑ ማጥፋት ይገባል፤ ደጋግሞ መሞከር የቀረውንም መረጃ ያሳጣልና። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ዊንዶውስ ብቻ ካልተነሳ፣ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት መዝገቡን መገልበጥ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ፎርማት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ

አቧራ የሞላው ማራገቢያ ሙቀት ስለሚያስከትል፣ ገመዱ ተነቅሎ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል።

አስቀድሞ መጠንቀቅ

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ጉዳትን ይቀንሳል። ስታቢላይዘር የኃይል መዋዠቅን ይቀንሳል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም። ከሁሉ በላይ መዝገቡን በየሳምንቱ በፍላሽ ገልብጦ በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባትሪም ሆነ ራም ከገበያ ይተካል፤ የአርሶ አደሩ የክፍያ መዝገብ ግን ከጠፋ የሚተካው አይገኝም።