በወሎ ቦረና ደጋ የእንግሊዝኛ መምህር እንዴት ተዘለለ?

ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ማፍራት ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አዲስ ሥራ አይደለም። ከለጋምቦ ተነሥቶ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ዓባይ የሚያቆለቁለው አገር በአንድ ወገን ግእዝ፣ በሌላው ወገን የዐረብኛ ነሕው (ሰዋስው) ሲቀጸልበት የኖረ ነው። የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ ደረሳው፣ ሸህ ፍለጋ ይዞራል፤ የቆሎ ተማሪውም ቅኔ ሲያምረው ወይ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፣ ወይ ወደ ሰሜን ዋድላ ይዘልቃል። በቅኔ ቤት ጀማሪው ባለሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ (ደርሶ) ለአስነጋሪ ይነግራል። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ነው፤ የታናሹን ቅኔ እያቃና መምህርነትን ይለማመዳል። መምህሩ ደግሞ በትናንት ቅኔ አያድርም፤ አዲስ ይዘርፋል፣ ማለትም በቃሉ ይደርሳል። ቋንቋውን በራሱ አፍ ማፍለቅ የማይችል ሰው ወንበር አይዘረጋም ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ ሥርዓት አልተሠራለትም፤ የዛሬውም የእንግሊዝኛ ትምህርት ድክመት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ ነበር የገነነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ግን የእንግሊዞች ተጽእኖ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አደረገው። ጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በብሪቲሽ ካውንስል ሥር ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ደሴን ጨምሮ በየክፍለ ሀገሩ ተሰማሩ። በ1961 ዓ.ም. ገደማ እነቻርልስ ፈርጉሰንና ዶናልድ ቦወን የተባሉ የቋንቋ ሊቃውንት የአገሪቱን የቋንቋ ሁኔታ አጠኑ፤ ውጤቱም በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። እነዚህ ከአገር አገር እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙ ደክመዋል። ድካማቸው ግን ያረፈው በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ላይ ነበር።

የመጀመሪያዋን የእንግሊዝኛ ቃል ለመካነ ሰላም ልጅ የሚያሰማው ግን ሌላ ሰው፣ የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከሦስተኛ ክፍል ይጀመር የነበረውን እንግሊዝኛ ወደ አንደኛ ክፍል አወረደው። አስተማሪው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ አንድ ዓመት የሠለጠነ፣ ሁሉንም ትምህርት ብቻውን የሚያስተምር ወጣት ነበር። እርሱ ከማን ጋር ተነጋግሮ ይልመደው? በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ የቴሌቪዥን ትምህርት (ፕላዝማ) ሲመጣም መምህሩን ከማጎልበት ይልቅ በሳተላይት የሚመጣ ድምፅ ተተካበት፤ ለሁለተኛ ደረጃ መምህር የተረፉት ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።

የሰላም ጓዶቹ ፍሬ አላፈሩም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አፍርተዋል፤ የዚያ ዘመን ተማሪ በእንግሊዝኛ ይከራከር ነበር። በደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረው የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋይ ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ አገር ያነጋገረውን ጽሑፉን ያወጣው በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጓዶቹም ሲሄዱ በእግራቸው የሚተካ አስነጋሪ አልተዉም። የአብነት (የቤተ ክህነት) ትምህርት የቃል ሸምደዳ ነው፣ ለንግግር ቋንቋ አይሆንም የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። ለንባብ ቤትና ለዜማው እውነት አለው። ቅኔ ግን ሸምድዶ የሚታለፍ አይደለም፤ የሰው ቅኔ ደግሞ ያቀረበ ተማሪ አልቆጠረም። እኔም የግእዝ ስልት በእንግሊዝኛ ላይ ይጫን አልልም። የምለው የታላቁ ተማሪ የታናሹን ንግግር የማቃናት ልማድ፣ የመምህሩም ዕለት ዕለት በቋንቋው መፍጠር፣ ለመምህራን ማሠልጠኛ ይበጃል ነው። ዛሬ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው። እንግሊዝኛ የሚማሩ ተማሪዎቹን በዙሪያው ካሉ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ጋር በየሳምንቱ ለማነጋገር ከውጭ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልገውም።