«ኢቬንቹዋሊ» እና «ኤቬንቱዋልሜንቴ»፦ ውሎ አድሮ ወይስ ካስፈለገ?

በእንግሊዝኛ ተምረን ሮም ለምንኖር ሐበሾች አንድ ተውሳከ ግስ ክፉ ወጥመድ ነው። እንግሊዝኛው «ኢቬንቹዋሊ»፣ ጣልያንኛው «ኤቬንቱዋልሜንቴ» ይባላል። ሁለቱም ከአንድ የላቲን ሥር የመጡ ወንድማማቾች ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ከተለያየ ቆይቷል።

እንግሊዝኛው «ውሎ አድሮ፣ ኋላ ኋላ፣ የማታ ማታ» ማለት ነው። ነገሩ ጊዜ ይወስዳል፣ መሆኑ ግን አይቀርም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረታችንን በአንድ ቃል እንደ መናገር ነው። ስላለፈ ነገር ሲነገርም መዘግየትን ያመለክታል፤ «ኢቬንቹዋሊ መንጃ ፈቃድ አገኘ» የተባለ ሰው በመጀመሪያው ፈተና እንዳላለፈ እንጠረጥራለን። «በቅርቡ» ማለት ግን አይደለም።

ጣልያንኛው «ምናልባት፣ ካስፈለገ፣ ካጋጠመ» ማለት ነው። ነገሩ ጭራሽ ላይሆንም ይችላል። የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ ዘመዶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከቤተሰቡ ያፈነገጠው እንግሊዝኛው ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝ። አንድ የጣልያንኛ የሥራ ዝርዝር «ኤቬንቱዋሊ ስንጥቆች ይጠገኑ» ቢል፣ «ስንጥቅ ከተገኘ ይጠገን» ማለቱ ነው። ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ የወሰደ ተርጓሚ ግን ግድግዳው መሰንጠቁ እንደማይቀር ይናገራል።

ይህን የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት እህታችን ልጇን ከአዲስ አበባ ለማምጣት አመልክታ፣ የደረሳትን ደብዳቤ «ጋሼ፣ እስቲ አንብብልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ደብዳቤው ቀጠሮ እንድትይዝ ይነግራትና «ኤቬንቱዋልሜንቴ ተጨማሪ ሰነድ እንጠይቃለን» ይላል። እኔም በእንግሊዝኛዬ ተማምኜ «ውሎ አድሮ ሰነድ ይጠይቁሻል፤ ቀጠሮውን ከዚያ በኋላ ትይዣለሽ» አልኳት። አራት ወር ጠበቀች። የጠየቃት አልነበረም፤ የሚጎድል ሰነድም አልነበረም።

የአንድ ቃል ጣጣ ለኛና ለጣልያን አዲስ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው አፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መነጋገር «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ጠቡ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አደረሰን። እዚያ ላይ ተንኮል ነበረበት ይባላል፤ በእኔ ላይ ግን የነበረው ስንፍና ብቻ ነው፤ መዝገበ ቃላት ገልጬ አላየሁም።

ስለዚህ፣ በጣልያንኛ ደብዳቤ ላይ ይህን ቃል ስታገኙ በቦታው «ካስፈለገ» የሚለውን ተክታችሁ አንብቡ። የእንግሊዝኛውን ሐሳብ በጣልያንኛ ለመናገር ስትፈልጉ ደግሞ «አላ ፊኔ» ወይም «ፕሪማ ኦ ፖይ» በሉ።

ልጅቷ ኋላ ኋላ መጥታ ከእናቷ ጋር ተገናኝታለች። እነዚያ አራት ወራት ግን የእኔ ዕዳ ናቸው።