ኳሷ ለምን ሞላላ ሆነች? የተለጠጠ ምስል አጭር ታሪክ



ድባጤ ካስተማርኳችሁ ልጆች አንዱ አዲስ አበባ ሆኖ ባጠራቀማት ብር አልትራዋይድ ሞኒተር ገዛና ፎቶ ላከልኝ። የቆየ የኳስ ጌም ከፍቶበታል። ተጫዋቾቹ ድንክና ወፍራም፣ ኳሷ እንቁላል መስላለች። «ቲቸር፣ ሞኒተሩ ተበላሽቶ ነው እንዴ?» ይላል። አልተበላሸም። መልሱ ግን በአንድ መስመር አያልቅም፤ ነገሩ ደግሞ ጌም የማይጫወተውንም ሰው ቤት ይነካል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከወርድና ቁመት ምጣኔ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ የሚሠራው ዊልያም ዲክሰን ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ሲያዘጋጅ፣ የእያንዳንዱ ምስል ቅርጽ 4 በ3 ሆነ። ወርዱ አራት ከሆነ ቁመቱ ሦስት ማለት ነው። ቴሌቪዥንም ሲመጣ ይህንኑ ወረሰ። የእኛ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በ4 በ3 ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሰሞን ቀለም ሲገባለትም ቅርጹ አልተለወጠም። ኮምፒውተሩም ያው ነው፤ አይቢኤም በ1987 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቪጂኤ 640 በ480 ፒክስል ነበር። አካፍሉት፣ 4 በ3 ይመጣል።

ታዲያ ስፋቱ ከየት መጣ? ከፉክክር። አሜሪካ ውስጥ ሰው ቴሌቪዥን ይዞ ቤቱ ሲቀመጥ ሲኒማ ቤቶች ተመልካች አጡ። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ፎክስ «ዘ ሮብ» የሚለውን ፊልም ሲኒማስኮፕ በተባለ ዘዴ አወጣ። ዘዴው ከፈረንሳዊው አንሪ ክሬቲየን ሌንስ የመጣ ነው። ካሜራው ላይ ያለው ሌንስ ሰፊውን ምስል ወደ ጎን በግማሽ ይጨምቀዋል፤ ማሳያው ላይ ያለው ሌንስ ደግሞ መልሶ ይዘረጋዋል። ልክ እንደ ነጠላ ነው፤ በስንት እንደታጠፈ የሚያውቅ ሰው ያንኑ ያህል ይዘረጋዋል። የማያውቅ ሰው ከዘረጋው ግን ነገር ይበላሻል። መለጠጥ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፦ ያልታጠፈውን መዘርጋት።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከርንስ ፓወርስ የተባለ መሐንዲስ በጠባቡ ቴሌቪዥንና በሰፊው ሲኒማ መካከል አስታራቂ ቅርጽ ፈለገና 16 በ9 ላይ ደረሰ። ሂሳብ የምትወዱ ይቺን ተመልከቱ። 4/3ን በራሱ ስታባዙት 16/9 ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ በ4/3 ስታባዙት 64/27 ይሆናል። ሱቅ ውስጥ «21 በ9» ተብሎ የሚሸጠው አልትራዋይድ፣ ለምሳሌ 2560 በ1080 ፒክስል የሆነው፣ በትክክል ሲሰላ 64 በ27 ነው። ስለዚህ በየደረጃው ምስሉን በግድ ብትሞሉት ወርዱ በሲሶ ያብጣል። ከ4 በ3 ተነስታችሁ አልትራዋይድ ላይ ከዘረጋችሁት ደግሞ 10 ሴንቲሜትር የነበረች ኳስ ቁመቷ ሳይጨምር ወርዷ ወደ 18 ሴንቲሜትር ይጠጋል። የልጁ እንቁላል ከዚህ ነው የመጣችው።

የድባጤ ልጆች ግን ይቺን እንቁላል ቀድማችሁ ታውቋታላችሁ። ፕሌስቴሽን ቤት ሣጥኑ ቴሌቪዥን ወጥቶ ፍላቱ ሲገባ፣ ፕሌስቴሽን 2 በዚያችው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ነው የተሰካው። በቢጫዋ የሚያልፈው ምስል ብዙ ጊዜ ቅርጹን ለቴሌቪዥኑ አይነግረውም። ፍላቱም በቃ ሞላው። ከጎን ጥቁር ከቀረ ደንበኛው «ስክሪኑ ጎሏል» ብሎ ያጉረመርማል፣ ባለቤቱም ሞልቶ መታየቱን ይመርጣል። በሌላው ዓለም ያለውም ሰው እንዲሁ ነው። አንዳንድ የካውንተር ስትራይክ ተጫዋቾች እንዲያውም ጠላት ወፍሮ እንዲታያቸው ብለው ሆን ብለው ይለጥጡታል። ያውቃሉ፣ ፈልገው ነው፤ ችግር የለውም።

ለማትፈልጉት መፍትሔው ይኸውላችሁ። መጀመሪያ ጌሙ ውስጥ የሞኒተራችሁን ትክክለኛ ሬዞሉሽን ፈልጉ። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ይቀበሉታል፤ ከጎንና ከጎን ተጨማሪ ሜዳ ያሳያሉ። ከሌለ የግራፊክስ ካርዱን ማስተካከያ ክፈቱ። ኤንቪዲያ ላይ ስኬሊንግ የሚለውን «አስፔክት ሬሽዮ» አድርጉና ስኬሊንጉ በጂፒዩ እንዲሠራ ምረጡ። ኤኤምዲ ላይ ጂፒዩ ስኬሊንግን አብሩና «ፕሪዘርቭ አስፔክት ሬሽዮ» በሉት። ካልሆነ የሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ውስጥ ምጣኔውን የሚጠብቅ ምርጫ ፈልጉ። ፕሌስቴሽን 2 ፍላት ላይ ከሆነ በሪሞቱ 4 በ3 ምረጡ።

ከዚያ በኋላ ከጎን ጥቁር ይቀራል። 1920 በ1080 የሆነ ጌም 2560 ወርድ ላይ ሲቀመጥ በግራ 320፣ በቀኝ 320 ፒክስል ባዶ ይሆናል፤ የስክሪኑ ሩብ ማለት ነው። «የከፈልኩበት ነው እኮ!» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ያ ጥቁር ቦታ የጎደለ ነገር አይደለም፤ መጀመሪያም ምስል ያልተሠራለት ቦታ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤልደን ሪንግ እንኳ አልትራዋይድ ላይ በ16 በ9 ተወስኖ፣ ጥቁር ኅዳግ ይዞ ነው የመጣው።

አሁን ጌም ወደማይነካው ሰው ልምጣ። ጌም ላይ የተለጠጠ ምስል በአንድ ቁልፍ ይመለሳል። የሠርግ ካሴት ግን እንዲህ አይደለም። የድሮው ቪኤችኤስ 4 በ3 ነው። ካሴቱን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው «ለፍላት እንዲሞላ» ብሎ ለጥጦ ከቀዳው፣ መለጠጡ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ካሴቱ ከተጣለ ወይም ከሻገተ ደግሞ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚያስታውስ አይኖርም።

ይሄ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። መተከል ውስጥ ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ እንደወጣ ታውቃላችሁ። ነፍሱን ይዞ የሚሸሽ ሰው አልበም አይሸከምም። ለአንዳንዱ ቤተሰብ የእናት መልክ የቀረው በዘመድ ሠርግ ካሴት ላይ፣ ከዳስ ጥግ ቆማ ስታጨበጭብ ነው። ያቺን ሴት በአካል ያላያት የልጅ ልጅ ፊቷን የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው። በሲሶ ያበጠ ፊት ካሳየነው፣ አያቴ እንዲህ ነበረች ብሎ ያድጋል።

ስለዚህ ካሴት ልታስገለብጡ ስትሄዱ አንድ ነገር ብቻ በሉ፦ «በ4 በ3 ይሁንልኝ፣ ጎኑ ጥቁር ይሁን፣ እንዳትለጥጠው።» ቀድሞ የተገለበጠ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ክፈቱትና ክብ መሆኑን የምታውቁትን ነገር ፈልጉ፤ የመኪና ጎማ ይሁን የእንጀራ ሰፌድ። ክብ ካልሆነ፣ ዋናው ካሴት ሳይጠፋ ድጋሚ አስቀዱት።