ያረጁ የቤት ዕቃዎችና ኤሌክትሮኒክስ፡ ገቢያቸውና አወጋገዳቸው

በኢትዮጵያ ከተሞች ያረጁ የቤት ዕቃዎች በአብዛኛው የሚሸጡት «ቁራሌው» እያሉ በየሠፈሩ ለሚዞሩ ገዢዎች ነው። በ«ልዋጭ» ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ በአዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ይቀየራል። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ ውድቅዳቂ ብረት ወደ ምድጃና ሌሎች መገልገያዎች የሚለወጥበት ስፍራ ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህን ያህል ርቀት የሚጠይቀው የማጓጓዣ ወጪ ለሻጩ የሚደርሰውን ዋጋ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት መዳብና አሉሚኒየም ተለይተው ሲወሰዱ፣ ገዢ የማያገኘው ቅሪት በከተማው ሊከማች ይችላል።

የአሮጌ ባትሪና ቴሌቪዥን ቅሪት በውስጡ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ይይዛል። ብረቱ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። መዳብ ለማውጣት የኤሌክትሪክ ሽቦ ማቃጠልም መርዛማ ጭስ ያስከትላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ከተፈጠረው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የዘርፉን አያያዝና አወጋገድ የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል።

መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮችን ከማስወገዳቸው በፊት መረጃቸውን ማጥፋት፣ ባትሪዎችን ለይተው ማስቀመጥና ዕቃዎቹን ሳይፈቱ ፈቃድ ላለው ተረካቢ ማስረከብ ይጠበቅባቸዋል።