ወዮታው በማን ላይ ነው?

ዕንባቆም 2፥15ን አውጣና ተመልከት። ነቢዩ ወዮታውን የሚያወርደው በማን ላይ ነው? በሰካራሙ ላይ ከመሰለህ ደግመህ አንብበው። ባልንጀራውን በሚያጠጣው ላይ ነው! በየመድረኩ የሚሰበከው ግን በአብዛኛው ለጠጪው ነው።

የአገራችን ሕግም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር። የ1949ኙም ሆነ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ወንጀል ለመሥራት ብሎ የጠጣ ሰው "ሰክሬ ነበር" ብሎ እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ትክክል ነው። ሆኖም የሕጉ ዓይን ያረፈው በአብዛኛው ጠጥቶ ባጠፋው ላይ ነበር። ጠማቂውስ? ጠማቂው ግብር ከፋይ ነው። እንዲያውም በደርግ ዘመን ጠማቂው ራሱ መንግሥት ነበር፤ በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተወርሶ የመንግሥት ሆኖ ነበርና። ሰካራሙን የሚያስረውና ቢራውን የሚሸጥለት አንድ እጅ ነበር ማለት ነው።

በኋላ ፋብሪካዎቹ ለኩባንያዎች ተሸጡ። ሄኒከን በ2003 ሐረርንና በደሌን፣ ዲያጆ በ2004 ሜታን ገዙ። ፉክክሩ ጦፈ። ታስታውስ እንደሆነ፣ ኳስ ለመስማት ሬዲዮ የከፈተ ልጅ ከጎሉ በፊት የቢራውን ስም ይሰማ ነበር። ክለቦቻችን እንኳ ዳሽን ቢራ፣ ሐረር ቢራ ይባሉ ነበር።

ነገሩ ወደ እኛም አገር መጣ። ከቡታጅራ ቀና ስንል የምናየው የዘቢዳር ተራራ ስሙ ጠርሙስ ላይ ተለጠፈ። ዘቢዳር ቢራ በ2009 ዓ.ም. ከወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ላይ ማምረት ጀመረ። የመሠረቱት የቤልጅየሙ ዩኒብራና በሺህ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ያሉት ጀማር ሁለገብ ኢንዱስትሪ ናቸው፤ ኋላ ወደ ቢጂአይ ኢትዮጵያ እጅ ገባ። እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙው ሰው ደስ ያለው በቢራው አይደለም፣ በሥራ ዕድሉ ነው። ጉራጌ ሠርቶ መለወጥ ይወዳል፤ ይሄ ነውር የለበትም። ግን እዚያው ጉብሬ ላይ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም አለ። በ18 እና በ19 ዓመታቸው ከእናታቸው ጉያ ወጥተው የሚመጡ ልጆች እዚያ ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጣ። መጠጥ የሚሸጥለት ሰው ዕድሜም ከ18 ወደ 21 ከፍ አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በቢራ ላይ 40 በመቶ ወይም በሊትር 11 ብር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ጣለ። ጣቢያዎች ስፖንሰር አጣን ብለው አጉረመረሙ። እኔ በበኩሌ አላዘንኩም።

ልብ በል፤ ሕጉ ፊቱን ወደ ሻጩ አዞረ። ጨርሶ ግን አልከለከለም። አሜሪካ በ1920 እ.ኤ.አ. መጠጥ መጥመቅንም መሸጥንም በመላ አገሯ ከልክላ ነበር፤ ከግፊቱ ጀርባም አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ድብቁ ንግድ ወንበዴዎችን አበለጸገ፤ በ1933 ክልከላው ተሻረ። በ1984 በፌዴራል ሕግ የተደገፈው የ21 ዓመት ወሰን ግን ዛሬም አለ። ለምን? ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው መታወቂያ ስለሚጠይቅ ነዋ!

እስቲ ንገረኝ፣ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ቢራ ሊገዛ ለመጣ ልጅ "መታወቂያህን" ያለ ሻጭ አይተህ ታውቃለህ? አዋጁ አዲስ አበባ ቢጸድቅም የሚሠራው ግን አንተ ሱቅ ውስጥ ነው። "እኔ ጌታን የተቀበልኩ ነኝ፣ አልጠጣም፣ እሸጣለሁ እንጂ" የሚል ወንድም አለ። ወንድሜ፣ ዕንባቆምም የጠየቀህ ስለ መጠጣትህ አይደለም እኮ! የቢራ አክሲዮን የያዝሽ እህቴም፣ የትርፍ ድርሻሽን ስትቀበዪ አሥራቱን ከማውጣትሽ በፊት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ይቀረናል። የማስታወቂያው ክልከላም ሆነ በሊትር የሚቆጠረው ታክስ፣ በጓሮ አረቄ የምታወጣዋን እናት እምብዛም አይነካትም። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ነው። አንድ ቀን ጌታን ተቀብላ ወደ ጉባኤያችን ብትመጣ "ተዪው" ማለት ቀላል ነው፤ የቤት ኪራዩን በምን ትክፈል? እቁብን ለአገሩ ያስተማረ ጉራጌ ይሄን ማሰብ አያቅተውም። አረቄ የተወች እህት በምትገባበት እቁብ የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ዕጣ ለእሷ ይሰጥ፤ ቆጮም ሆነ በርበሬ መነገጃ ይሁናት። የአጥቢያህን ሽማግሌዎች በዚህ ጉዳይ የፊታችን እሑድ ከአምልኮ በኋላ አነጋግራቸው።